አደም ያስጠናው ፈተና

አደም በባቲ የከብት ገበያ ደላላ ሆኖ የኖረ ሰው ነው። ደላላ ደግሞ ሰው አያምንም፤ ከሁሉ በፊት ራሱን ያውቃላ። ሌላው ሰው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ለወግ ማሳመሪያ ሲያነሳው፣ እሱ ግን እንደ ስንቅ ቋጥሮት ነው ባሕር የተሻገረው። ጂዳ ላይ ብሎኬት ሲሸከም፣ መካ ዓዚዚያ ላይ የሐጃጆች ማረፊያ ሲያጸዳ፣ ይኸው ጥርጣሬው ብዙ ጊዜ ከአፈሳ አውጥቶታል። ስለዚህ ጥርጣሬውን እንደ ባለውለታ ይቆጥረው ነበር።

ወረቀት ለማስተካከል የተሰጠው ቀነ ገደብ አልፎ፣ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሁሉ ከየመንገዱ እየታፈሰ ሹመይሲ ወዳለው ማቆያ መጋዝ ሲጀምር፣ አደም ሚስፈላ የሚባለው የመካ ሰፈር የአጎቱ ልጅ ሱረያ ቤት ገብቶ ተሸሸገ። የሱረያ አባት ከገርባ ለሐጅ መጥተው በዚያው የቀሩ፣ መካ ወልደው መካ የተቀበሩ ሰው ናቸው። ባሏም ሞቷል። እሱ የሳዑዲ ዜጋ ስለነበር አንድ ልጃቸው ኡሳማም ዜጋ ነው፤ አረብኛው እንደ ውኃ ይፈሳል፣ አማርኛው ግን ከእናቱ ጓዳ አልፎ አያውቅም። ሱረያ አደምን ስትቀበለው ሁለት ጊዜ አላሰበችም። የሥጋ ዘመድ በር ላይ ቆሞ ምን ይታሰባል?

ችግሩ ኡሳማ ነው። ጺሙ ገና መሙላት የጀመረው ይህ ልጅ ሹርጣ፣ ማለትም ፖሊስ፣ ለመሆን አመልክቷል። የጽሑፉን ፈተና አልፏል፣ ሩጫውን አልፏል፤ የቀረው ጂዳ ሄዶ ከሥነ ልቦና መርማሪ ፊት መቀመጥ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ሹርጣ የሚሸሽ ሰውና ሹርጣ ለመሆን የሚለፋ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር። አደም ጫማውን ከራስጌው ሳያርቅ መተኛት ጀመረ። ልጁ በስልክ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ካደረገ፣ «እኔን ነው» ይላል። ጮክ ካደረገም፣ «እንዳልጠረጥር ነው» ይላል። እንዲህ ላለ ሰው ምን መድኃኒት አለው?

አንድ ቀን ከዐስር ሰላት በኋላ ኡሳማ መጥቶ ፊቱ ተቀመጠና፣ «ኻሊ፣ አንቱ መርማሪ ሁኑና ጠይቁኝ፤ እኔ ልመልስ» አለው። ኻሊ ማለቱ አጎቴ ማለቱ ነው። ባለፈው ዓመት ይህን ፈተና ያለፈ ጁነዲን የሚባል የሰፈር ልጅ ምን ምን እንደሚጠየቅ ነግሮታል። ስትናደድ ምን ታደርጋለህ? ዋሽተህ ታውቃለህ? ዘመድህ ሕግ ቢጥስ ምን ታደርጋለህ?

አደም ይህን ሲሰማ ጆሮው ቆመ። ከጓደኞቹ ሁሉ መካከል እኔን ለምን መረጠኝ? ጥያቄው ለእሱ ነው ወይስ ለእኔ? ግን እንጀራዋን እየበላ የሱረያን ልጅ እምቢ ማለት አይችልም። በተሰባበረ አረብኛው ጠየቀው፣ ልጁ በአነጋገሩ እየሳቀ መለሰ፤ የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ግን ሳቁ ቆመ።

«አሳልፌ እሰጠዋለሁ» አለ ኡሳማ፣ አንገቱን ደፍቶ።

አደም መልሱ ቢያስደነግጠውም የተደፋው አንገት ግን አጽናናው። ሱረያ ልጇን ያሳደገችው በወሎ አደብ ነው፤ ታላቅ ሲጠይቅህ ዓይንህን መሬት ላይ ጣል እያለች፣ ቀና ካለም ጆሮውን እየቆነጠጠች። ይሄ ልጅ ፊቴን እያየ ሊሸጠኝ አይችልም፣ አለ አደም በልቡ። ያን ቀን ጫማውን ትንሽ ራቅ አድርጎ ተኛ።

ነገር ግን ያ አንገት መድፋት ለፈተናው ዋናው ጠንቅ ነበር። ጁነዲን እንዳለው፣ መርማሪው ዓይኑን የሚሰብር ሰው ሲያይ «የሚደብቀው ነገር አለ» ብሎ ይጥለዋል። ኡሳማ ይህን ነግሮት መላ እንዲፈልግለት ለመነው። እዚህ ላይ የአደምን ሞኝነት እዩልኝ። የሚጠረጥረውን ልጅ እንዴት አድርጎ ዓይን እያዩ መዋሸት እንደሚቻል ቁጭ ብሎ አስተማረው! ሙያ ክፉ ነው፤ ሰው ከሚያውቀው ነገር ሲጠየቅ አፉን መያዝ አይችልም።

«ላም ስትሸጥ ገዢው ጥርሷን የሚያየው ለወጉ ነው» አለው። «የሚመረምረው ያንተን ዓይን ነው። ስለዚህ ዓይኑን አትይ፤ ሁለቱ ቅንድቦቹ መሃል ተክለህ ተናገር። እሱ ዓይን ለዓይን የተያያችሁ ይመስለዋል።»

ልጁ መጀመሪያ አላበውና ተንተባተበ። እየዋለ እያደር ግን ተካነ። በመጨረሻ «አሳልፌ እሰጠዋለሁ» የሚለውን ቃል ሰላምታ እንደሚያቀርብ ሰው ረጋ ብሎ፣ አደምን ቀና ብሎ እያየ ወረወረው። ሱረያ ከጓዳ ሆና ሰምታ፣ ለፈተናም ቢሆን ይህን ከአፍህ አታውጣ ብላ ተቆጣች። አደም ግን ጫማውን መልሶ ወደ ራስጌው ሳበ። ያስተማረው ትምህርት አሁን ገና አስፈርቶት ነበር።

ኡሳማ ጂዳ ሄዶ ተፈትኖ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ፊቱ ደክሟል እንጂ አልከፋውም። ያንን ጥያቄ ጠየቁኝ አለ፤ ቤታችሁ ውስጥ ኢቃማ የሌለው ሰው አለ ወይ ብለውም ጨመሩበት አለ። አደም ወደ ልጁ ጠጋ አለ።

«እና ምን አልካቸው?»

«ማንም የለም አልኳቸው።»

ይህን ሲል ቀና ብሎ፣ ዓይኑን ሳይሰብር፣ በተረጋጋ ድምፅ ነበር። የሚያየው የት እንደሆነ አደም ያውቃል፤ ቅንድቦቹ መሃል ነው። እውነት ይሁን ውሸት ከዚያ ፊት ላይ ምንም ሊያነብ አልቻለም። የልጁን ልብ የሚያይባት አንዲት ቀዳዳ ነበረችው፤ እሷንም በገዛ እጁ ደፍኗታል። አደም በሕይወቱ እንደዚያ ብቸኝነት ተሰምቶት አያውቅም።

በማግስቱ ሚስፈላ ውስጥ ቤት ለቤት መፈተሽ ተጀመረ የሚል ወሬ መጣ። ሱረያ ወዲያው ቆረጠች። ጂዳ ያለችው የባሏ እህት ሱዓድ ቤት ሰፊ ነው፤ ኡሳማ በመኪናው ወስዶ ያደርሰዋል። ከሟች ባሏ ልብሶች ነጩን ጀለቢያ አውጥታ አለበሰችው፣ ሻሹን ራሱ ላይ አስተካከለችለት፣ ዱዓ አደረገችለት። አደም በመስታወት ራሱን ሲያይ ለአረፋ የተዋበ ሙክት መሰለው። የጂዳው መንገድ በሹመይሲ በኩል እንደሚያልፍ አልጠፋውም። አልሄድም ቢልስ የት ይገባል?

መንገድ ላይ ኡሳማ ብዙም አላወራም። ለፈተናው ውጤት እንደሚጨነቅ፣ ካለፈ እናቱን ከኪራይ ቤት እንደሚያወጣት ብቻ ነገረው። ሹመይሲ ሲቃረቡ ስልኩ ጮኸ። አንስቶ በአረብኛ፣ «ሹመይሲ ደርሰናል፣ ጠብቁን» ብሎ ዘጋው። ማን እንደሆነ አልተናገረም፤ አደምም አልጠየቀም። ከፊት ለፊታቸው ወታደሮች መንገዱን አጥብበው መኪኖቹን አንድ በአንድ ያሳልፋሉ።

«ኻሊ፣ ዝም በሉ። እኔ እናገራለሁ።»

ጸጉሩ የሸበተ ወታደር ወደ ኡሳማ መስኮት ጎንበስ አለ። ኡሳማ መታወቂያውን ሰጠውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ነገረው። ወታደሩ አደምን ቃኘው፤ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። ሁለት ሰዎች ተንሾካሹከው አንዱ ራሱን ከነቀነቀ፣ ባቲ ገበያ ላይ ከብቱ ተሸጧል ማለት ነው። አደም ከዚህ በላይ መጠበቅ አልቻለም። በዘመድ እጅ ከምሰጥ በራሴ አፍ ልናገር ብሎ በሩን ከፈተ፣ ወረደ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ።

«ኢቃማ የለኝም» አለ በአረብኛ። ይቺን አረብኛ አሳምሮ ያውቃታል።

የወታደሩ እጅ አየር ላይ ቀረ። እለፉ ብሎ እያውለበለበ ነበር። ከኋላ ያለው መኪና ክላክስ አሰማ። ኡሳማ ከመኪናው ወርዶ ወደ አደም ተጠጋ።

«አጎቴ ነው፣ ሐኪም ቤት እየወሰድኩት ነው አልኩት እኮ» አለ በአማርኛ። «ሂዱ ብሎን ነበር።»

አደም አሁን ለራሱ ማልቀስ እንኳ አማረው፤ ጊዜው ግን አልነበረም፤ ኢቃማ የሌለው ሰው የጫነ መኪናው እንደሚወረስ፣ እሱም እንደሚታሰር ያውቃል። ወደ ወታደሩ ዞሮ ይህን ልጅ አላውቀውም፣ መንገድ ላይ ለምኜው አዝኖ ነው የጫነኝ፣ ወረቀት እንደሌለኝም አያውቅም እያለ ማለ። ወታደሩ የልጁን መታወቂያ አገላብጦ አየው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ምናልባትም ልጁን የሚያክል ልጅ አለው።

«አጎቴ ነው ስትለኝ ዋሽተኸኝ ነበር ማለት ነው?» አለው ኡሳማን። «እሺ ግድ የለም፤ አላውቀውም በለኝና መንገድህን ቀጥል።»

አደም በአማርኛ ለመነው። «በለው እንጂ ልጄ፣ በአላህ፣ እናትህን አስብ። አንዲት ቃል ናት።»

ኡሳማ አደምን አየው፣ መንገዱን አየው። ለመርማሪው ያጠናው ውሸት ሁሉ አፉ ውስጥ ነበር፤ አንዱን ማውጣት ብቻ ነው የቀረው። መኪናው ውስጥ ስልኩ እንደገና ይጮኻል፤ እንደ ቅድሙ ሱዓድ ናት፣ ምሳ አቅርባ የምትጠብቃቸው።

«አጎቴ ነው» አለ።

ወታደሩ ትንሽ ጠበቀው፣ ቃሉን ይቀይር እንደሆነ። ኡሳማ ግን አልቀየረም። ከዚያ ወታደሩ ተነፈሰና የመኪናውን ቁልፍ ለመቀበል እጁን ዘረጋ።