የማይጥለው ወንበር

አባ ወልደኢየሱስ ጸሎቱን አድርሰው ሲቀመጡ፣ በቅሎ ላይ እንዳለ ሰው ለስለስ ብለው ተወዛወዙ። ይርገዱ አይታቸዋለች። ከድንኳኑ ጥግ፣ ሰሌኑ ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደተቀመጠች በደንብ አይታቸዋለች፤ ግን በባሏ ሳልስት ቀን ዓይን ያየውን ሁሉ ልብ የት ያስቀምጠዋል?

ነገሩ የገባት ከሰዓት በኋላ፣ ድንኳኑ ፈርሶ የዕድሩ አግዳሚና ድስት በጋሪ ከሄደ በኋላ ነው። ቤቱን ላስተካክል ብላ ብድግ ስትል የልብስ ስፌት መኪናዋ ይቆምበት የነበረው ጥግ ባዶውን አፈጠጠባት። መኪናው የት እንዳለ ታውቃለች፤ ለለቀስተኛ ቦታ እንዲለቅ ወደ ጎረቤቷ ወደ እታገኘሁ ቤት ተወስዷል። መኪናው ፊት የሚቀመጠው ወንበር ግን የለም። ያኔ አባ ወልደኢየሱስ ዓይኗ ላይ መጡ። የዕድር አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው አይወዛወዝም።

«እታገኘሁ! አባ ምን ላይ ነበር የተቀመጡት?»

እታገኘሁ ሰሌኑን እየጠቀለለች ነበር። «ያ የትራክተሩ ወንበር ላይ ነዋ። አግዳሚው ወገባቸውን ይጎዳቸዋል ብዬ እኔው ነኝ ያወጣሁላቸው። ምነው?»

«ታዲያ ወዴት ሄደ?»

እታገኘሁ ሰሌኑን ለቀቀችና አፏን ያዘች። «ወይኔ! ከዕድሩ ዕቃ ጋር ጭነውታል!»

«አውቄዋለሁ» አለች ይርገዱ። «ልጄም ሊሞትብኝ ነው።»

«አፍሽን በዳቦ! ወንበር ጠፋ ተብሎ ልጅ ይሞታል?»

ይርገዱ እንዲህ ናት። ደመና ስታይ ጎርፍ ይታያታል፤ ልጇ ካሳለ ሐኪም ቤት ማደሪያዋን ታሰናዳለች። ባሏ ዓለምነው «አንቺ እኮ ክፉ ነገር ገና ከሩቅ ብቅ ሲል መንገድ ወጥተሽ ነው የምትቀበዪው» እያለ ይስቅባት ነበር። እስከ አሥረኛ ክፍል ተምራለችና ጋዜጣ ታነባለች፤ ማንበቧም ፍርሃቷን ቀለበው እንጂ አላስታገሰውም። ማታ ማታ እሱ ሳይገባ በር ቆልፋ አታውቅም። ደጃፉ ላይ ቆማ ጨለማውን ታዳምጣለች። እሱም ጭቃውን አራግፎ ይገባና፣ አደራውን ቆጥሮ እንደሚያስረክብ ሰው፣ «ሁላችን ገብተናል፣ ቆልፊ» ይላታል። ትንፋሿ የሚመለሰው ያን ጊዜ ነው።

የዛሬው ፍርሃቷ ግን ምክንያት ነበረው።

ዓለምነው በከተማው ዳር ባለ የችግኝ ጣቢያ የአንዲት ትንሽ ትራክተር ነጂ ነበር። ትራክተሯ ከአብዮቱ በፊት የመጡ የውጭ አገር ሰዎች ትተዋት የሄዷት አሮጊት ናት። ሞተሯ ተለምኖ ይነሣል፤ ወንበሯ ግን ዝጎ ረግፎ ካለቀ ቆይቷል። መለዋወጫ የሚባል ነገር ደግሞ ከአገር ጠፍቷል። ዓለምነው ጆንያ አጥፎ በገመድ አስሮ ነበር የሚቀመጥባት። ሐሙስ ዕለት የነሐሴ ዝናብ ባራሰው መሬት ላይ አንዱ ጎማዋ ቦይ ውስጥ ገባ። ጆንያው ተንሸራተተ፤ እሱም ከጆንያው ጋር። የወደቀበት ቦታ ድንጋይ ነበረ።

በድንኳኑ ውስጥ ሁለት የጣቢያው ሠራተኞች ሲንሾካሾኩ ሰምታለች።

«ደህና ወንበር ቢኖራት ኖሮ ይህን ጊዜ ዓለምነው ከእኛ ጋር ነበር።»

«ወንበሩንማ አግኝቶ ነበር አሉ። አልገጥም ብሎት ነው።»

ኃላፊያቸውም ትናንት ሊያጽናናት መጥቶ፣ ሲነሣ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። «ልጅሽ አስማረ ከአባቱ ጋር ትራክተሯን ሲነዳት አይቼዋለሁ። ሰኞ ጠዋት መጥቶ ሥራውን ይያዝ። ሰኞ ካለፈ ቦታውን ለሌላ ሰው ስጥ ይሉኛል።» ከዚያም ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። «ቀበሌ ጎረምሳ እየለቀመ ነው። ሥራ የያዘ ልጅ ይቀርልሽ ይሆናል።»

አስማረ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ቤት ቢቀር ለጦር ሜዳ ይወስዱታል፤ ሥራ ቢገባ አባቱን የጣለችው ትራክተር ላይ ይወጣል። ይርገዱ ሁለቱን ክፉ ስታመዛዝን አድራ ትራክተሯን መረጠች፤ በጆንያ ግን አይሆንም። ወንበሩ ባይገጥም እንኳ በገመድ፣ በሽቦ፣ በነጠላዋም ቢሆን ጠፍራ ታስረዋለች። ያ ወንበር ሰው አይጥልም።

ሰው እንደማይጥል የመሰከረችለት አንዲት የማክሰኝት ጠላ ሻጭ ናት። ዓለምነው ወንበር ፍለጋ ያልረገጠው መንደር አልነበረም። አዘዞ የወደቁ የጭነት መኪኖችን አገላብጧል። ትክል ድንጋይ የጣልያን ጊዜ መኪና ወድቋል ሲሉት ሄዶ፣ ወንበሩ ላይ ዶሮ ታቅፋበት፣ ባለቤትየዋ ጫጩት ሳይፈለፈል ንክች አታደርጋትም ብላው ባዶ እጁን ተመልሷል። በመጨረሻ ባለፈው ሰኔ ለእህል ሸመታ ማክሰኝት ወርዶ፣ ጥሙን ሊቆርጥ ከገባበት ጠላ ቤት አንድ ሰካራም ተቀምጦ ሲወዛወዝ አየ።

«መጀመሪያ የሚያወዛውዘው ጠላው ነው ብዬ ነበር» አላት ይርገዱን፣ ያን ዕለት ማታ ቤት ሲገባ። «ጠጋ ብዬ ሳይ ለካ የወንበሩ ሞላ ነው!»

«ታዲያ እንዴት ሰጠችህ?»

«ከዚህ ላይ የወደቀ ሰካራም የለም፣ አልሰጥም አለች። የሚያፈስ ጣራዋን ስደፍንላት ዋልኩ። እሷስ እሺ አለች፤ አልነሣም ያለው ሰካራሙ ነው!»

ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። በማግሥቱ ወንበሩን ተሸክሞ ወደ ጣቢያው ሄደ፤ ማታ ተሸክሞት ተመለሰ።

«ቀዳዳው አልገጠመም» አለ፣ የስፌት መኪናዋ ፊት እያስቀመጠው። «እስኪበሳልኝ አንቺ ተቀመጪበት። ያ በርጩማ ወገብሽን ጨረሰው።»

ክረምቱን ሙሉ የተማሪዎች የደንብ ልብስ ስትሰፋ የተቀመጠችው በእሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ወገቧን ይዛ አላደረችም።

የዕድሩን ጥሩምባ የሚነፉት አያ ዳኛው ተጠሩ።

«ዕቃውማ በቀጥታ ቀሃ ወንዝ ማዶ ነው የሄደ» አሉ። «አያ ሐብተ ማርያም ቤት። ዛሬ ማለዳ የልጃቸውን መርዶ አረዷቸው፤ ከጦር ግንባር። ጋሪው እንኳ አላረፈ። ሲያበቁ ይመለስልሻል።»

«ነገ ጠዋት ነው የምፈልገው፣ አያ።»

«ሰው ምን ይልሻል?» አለች እታገኘሁ። «ባልሽን ቀብረሽ ሳምንት ሳይሞላሽ መንገድ ልትወጪ?»

«ያሻውን ይበለኝ።»

አስማረ የሩቅ ዘመዶቻቸውን ሊሸኝ መናኸሪያ ወርዶ ነበር። ሳይመለስ ሁለቱ ሴቶች በካፊያው ወጡ።

ለቅሶ ቤት ዕቃ ለመጠየቅ አይገባም። ከደጅ ጀምሮ እያለቀሱ ነው የሚገባው። ይርገዱ የሟቹን ስም እንኳ አታውቅም። ድንኳኑ አፍ ላይ ስትደርስ እታገኘሁ በክርኗ ጎሰም አደረገቻት፦ «አልቅሺ እንጂ!»

ማንን ብዬ ልትል ስትል አፏ በራሱ ተከፈተ። «ወንድሜ! ወንድሜን!» አለች። ከዚያ በኋላ የወጣው ግን የራሷ ነው። የነገውን ስትፈራ፣ ልጇን በዓይኗ ስትከተል፣ የራሷ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ያላለቀሰችው ሁሉ እዚህ ወጣ። የማያውቋት ሴቶች ብብቷን ደግፈው አስቀመጧት፤ አንዷም እያለቀሰች «ሟቹን ታውቂው ኖሯል፣ እኅቴ» አለቻት።

ቀና ስትል አየችው። አያ ሐብተ ማርያም ተቀምጠውበታል። ጺማቸው ደረታቸው ላይ ወድቆ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ እያሉ ይወዛወዛሉ።

«በይ እንሂድ» አለች እታገኘሁ በሹክሹክታ። «ከሐዘንተኛ ሥር ወንበር አይሳብም።»

ይርገዱ አልተነሣችም። ንፍሮ ቀረበላት፤ ዘግና ያዘችው እንጂ አልቀመሰችውም። ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ።

«አንቺ የትራክተረኛው ሚስት አይደለሽም?»

«ነኝ፣ አያ።»

«ምነው ልጄ፣ ያንቺ ሳይደርቅ የእኔን ልታለቅሺ መጣሽ?»

እግዜር ያጽናዎት ብላ መውጣት ትችል ነበር። ፊታቸው ግን ሊዋሹት የማይቻል ሆነባት።

«አያ ሐብተ ማርያም፣ የተቀመጡበት ወንበር የባሌ ነው። ጫኞቹ ሳያውቁ ከዕድሩ ዕቃ ጋር ጭነውት ነው።»

ሟቹን ታውቂው ኖሯል ያለቻት ሴት እንባዋን ጠርጋ ብድግ አለች። «ጉድ በሉ! ሰው ልጁን አጥቶ እሷ ለወንበር መጥታለች! ነገ ደግሞ ሰሌኑን አምጡ ትለን ይሆናል!»

«ተይ አንቺ፣ ዝም በይ» አሉ ሽማግሌው። ወደ ይርገዱ ዞሩ። «ለምንሽ ነው?»

«ልጄ ነገ ትራክተሯ ላይ ይወጣል። አባቱ የወደቀው ያለ ወንበር ነው።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«አሥራ ስምንት።»

ዝናቡ የድንኳኑን ሸራ ይመታል።

«ነገ ከሚሄድበት ቦታ» አሉ ሽማግሌው፣ «ሰው ማታ ይመለሳል?»

«ይመለሳል፣ አያ። እግዜር ካለ ማታ ማታ ይመለሳል።»

በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ። «ከተቀመጥኩበት ጀምሮ ይሄ ነገር እሹሩሩ ሲለኝ ቆየ» አሉ። «ሸጋ ወንበር ነው። ለሐዘንተኛ ወጉ መሬት ነው፤ ውሰጂ።» እግራቸውን አጥፈው ሰሌኑ ላይ ተቀመጡ።

የተሳደበችው ሴት ወንበሩን ራሷ አነሣችው። ነጠላዋን ጣል አድርጋበት እስከ መንገዱ ድረስ ተሸክማ ሸኘቻቸው።

ቤት ሲደርሱ አስማረ ተመልሶ ነበር። ወንበሩን ተቀበላትና አምፑሉ ሥር ገለበጠው። ሞላው ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ነበር። ይርገዱ ጨርቁን ዐወቀችው፤ እሷ ከጣለችው የካኪ ቁራጭ ነው። ስትፈታው ብሎኖች እጇ ላይ ፈሰሱ።

«ለምን ቋጠራቸው? ቀዳዳው አልገጠመም ነበር እኮ።»

አስማረ ወለሉን አየ።

«አስማረ?»

«ገጥሟል፣ እማዬ። ያን ዕለት አብሬው ነበርኩ። ልክክ ነው ያለው። አንድ ዙር ነዳበት፤ ወርዶ ትንሽ አሰበና ፍታው አለኝ። እናትህ ወገቧን ይዛ ነው የምታድረው፤ የደንብ ልብሱ ይለቅና ለመስቀል መልሰን እንገጥመዋለን አለኝ። ከነገርካት ደግሞ ትወድቃለህ ስትል እኔንም አታስተኛኝም፣ እሷም አትቀመጥበትም ብሎ… ብነግርሽ ኖሮ እኮ…»

ይርገዱ በዕድሜዋ ያላሰበችው ክፉ ነገር የለም። ይህን ግን አላሰበችውም።

መቀመጫ ፈልጋ ዙሪያዋን አየች፤ ከዚያው ወንበር ሌላ አልነበረም። ቆማ ቀረች። ከዚያ የልጇን አንገት ስባ ደረቷ ላይ አስደገፈችው።

«ብትነግረኝም» አለች፣ «አባትህ ሌላ ውሸት አያጣም ነበር።»

እታገኘሁ እንባዋን እየዋጠች «ልደርልሽ?» አለች።

«አይ፣ ሂጂ። ሰዓት እላፊ እንዳይደርስብሽ።»

ይርገዱ ከመስኮቱ ደፍ የስፌት መኪናዋን ዘይት አወረደች። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ቀባች፤ በዚያው ጨርቅ መልሳ ቋጥራ ሞላው ውስጥ አሰረቻቸው። አስማረ ጠዋት እንዳይረሳው ብሎ ወንበሩን ውጭ፣ ከበሩ አጠገብ አስቀመጠውና ገብቶ ተኛ።

ዓለምነው ከሞተ ጀምሮ የዚህ ቤት በር ተቆልፎ አያውቅም፤ የለቅሶ ቤት በር አይቆለፍም። ዛሬ ሰዉ ሁሉ ሄዷል። ይርገዱ እንደ ልማዷ ደጃፉ ላይ ቆመች። ጨለማውን አዳመጠች። የሚመጣ እግር የለም፤ ከጣራው ጫፍ ወንበሩ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ብቻ ይሰማል።

ወጣች። ወንበሩን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። አቅፋ ከመድረኩ አሻገረችውና ከበሩ ኋላ አስቀመጠችው። ወንበሩ ትንሽ ተወዛወዘ። እጇን ጫነችበት፤ እስኪረጋ ጠበቀችው።

«ሁላችን ገብተናል» አለች፤ አስማረ እንዳይነቃ በቀስታ።

በሩን ቆለፈችው።