ከወንዝ ማዶ የሰማው ስድብ

ሽብሩ ሰው ሲስቅ ከሰማ መጀመሪያ የሚያየው የገዛ ሱሪውን ነው። እንዲህ ያደረገው ኑሮው ነው። እሱ በተወለደበት ቀን የእርሻ በሬ ሞተባቸውና አባቱ «ገደ ቢስ» እያሉ አሳደጉት። ቄስ ዘንድ ዳዊት ተምሮ፣ ጥቂት የአስኳላ ፊደልም ቀምሶ፣ ነቀምት ከአንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ሆኖ ቢቀጠር፣ ያችው ስም ከሸዋ ድረስ ተከትላው መጣች። ከየት እንደሰማት እንጃ፣ ዋናው ጸሐፊ ማኅተም በጠፋ ቁጥር «እስቲ ያን ገደ ቢስ ጥሩልኝ» ይላል። ማኅተሙ ከራሱ ኪስ ሲገኝ ግን ማንም ይቅርታ አይልም።

በዚያ ክረምት ማለቂያ ሚስቱ ሐረግወይን ፀንሳ ነበር። ጣና ዳር ተወልዳ በልጅነቷ ነው ከወላጆቿ ጋር ወለጋ የገባችው፤ ያማራትም ዓሣ ሆነ። ነቀምት ገበያ ማር ቢሉ ማር፣ ቡና ቢሉ ቡና ሞልቷል፤ ዓሣ ግን የለም። በፊተኛው ፅንስ ትርንጎ አምሯት፣ ሽብሩ ሳያገኝላት ፅንሱ ጨነገፈ። እናቷ ወይዘሮ ፀዳለ ይህን አልረሱም። «አሁንም አምሮቷን ነፍጓት አንድ ነገር ብትሆን ልጄን እወስዳለሁ» ብለው በሽማግሌ ፊት ተናግረዋል። ሲናገሩም የሚፈጽሙ ሴት ናቸው።

ሐሙስ ማታ ከበታቻቸው የሚኖረው ጎረቤት ቀነዓ በአጥሩ ብቅ አለ።

«ኦቦ ሽብሩ፣ ቅዳሜ ወንዝ እንውረድ። የተወቀጠ ብርብራ አለኝ፤ ውኃ ላይ ሲበተን ዓሣ ያሰክራል። ዓሣ እናመጣለን።»

«ዓሣ እንደምፈልግ ማን ነገረህ?»

«አዴ ሐረግ ናታ። እዚሁ አጥሩ ላይ።»

«በምን ቋንቋ?»

ቀነዓ ሳቀ። «በአፏ ነዋ።»

ሽብሩ ሌሊቱን ሙሉ ይቺን ሳቅ ሲያገላብጣት አደረ። ሐረግወይን ኦሮምኛውን እንደ ውኃ ትጠጣዋለች፤ እሱ የሚያውቀው ለገበያ የሚበቃውን ያህል ነው። በአጥር ላይ የሚባለውን ግማሹን ብቻ ይሰማል፤ ግማሹን ደግሞ ራሱ ይሞላዋል።

ቅዳሜ በዶሮ ጩኸት ወጡ። ገና ከከተማው ሳይርቁ የአንድ እግሩ ጫማ ማሰሪያ ተበጠሰ። ቀነዓ «በባዶ እግር ይሻላል፣ መንገዱ ጭቃ ነው» ሲለው፣ ሽብሩ ማሰሪያውን አንሥቶ በቢላ የተቆረጠ እንዳይሆን ጫፉን መረመረ። ዝናቡ መጣ። ስንቅ የያዘው ቀነዓ ነበርና ዳቦው ራሰ። የቀነዓን ዘመድ፣ ሽማግሌውን ጨመዳን፣ ወንዙ ዳር ከብት ሲጠብቅ አገኙት፤ ሁለቱ በኦሮምኛ ተቃቅፈው ሰላምታ ሲለዋወጡ ሽብሩ ቆሞ ስሙን ይጠብቅ ነበር። ስሙም ሁለት ጊዜ ተነሣ።

ብርብራው ከመረጨቱ በፊት ሽብሩ በመንጠቆ ልሞክር አለ፤ የራሱን ዓሣ በራሱ እጅ መያዝ ፈልጎ ነው። የተቀመጠባት ሣር የገብረ ጉንዳን መንገድ ነበረች። ጭኑን እያከከ ሲዘል እግሩ አዳልጦት እስከ ወገቡ ውኃ ገባ። በመጨረሻ ክሩ ተወጠረና እየተንፈራገጠ አንድ ትልቅ ነገር ወጣ። አምባዛ ነው። ቅርፊት የሌለው፣ ጢማም፣ ክርስቲያን የማይበላው።

«እዚህ ቦታ ያመጣኸኝ አምባዛ ብቻ እንዳለ እያወቅህ ነው?»

«ውኃ ውስጥ ያለውን ማን ያውቃል፣ ኦቦ ሽብሩ?» አለና ቀነዓ አምባዛውን መልሶ ለቀቀው። «ብርብራውን አንተ ርጭ። በእኛ ዘንድ የረጨው ነው ባለ ዓሣው። እኛ ከታች እንሆናለን።»

እንግዲህ ሽብሩ ይህንንም አሰላሰለ። እኔ ከላይ፣ እነሱ ከታች። ለምን? ዓሣው ወዴት እንደሚሄድ ገና አልገባውም ነበር፤ ይህን ከመጠየቅ ደግሞ መሞት ይሻለዋል። ዱቄቱን በጭብጡ እያፈሰ በተነው። ነፋሱ ግማሹን ወደ ዓይኑ መለሰበት።

ዓይኑን እያሸ ዳር ላይ ተቀመጠ። ውኃው ቡናማ ሆኖ ይጮኻል፤ ከፊቱ ምንም አልተንሳፈፈም። ጥቂት ቆይቶ ጨመዳ ከማዶ ብቅ አለና ዱላውን እያወዛወዘ ጮኸ። የወንዙ ድምፅ ቃሉን ቆራረጠው፤ ለሽብሩ የደረሰችው ግን አልጠፋችውም።

«ገደ ቢስ… ገደ ቢስ…»

ሸዋ ቀረች ሲል ነቀምት፣ ነቀምት ቀረች ሲል ወንዝ ዳር። ከዚህ የከብት እረኛ አፍ ማን አስገባት? ሐረግ ናት። በአጥር ላይ። ሽማግሌው ዱላውን ቁልቁል እየጠቆመ ደጋግሞ ጮኸ፤ ሽብሩ ጀርባውን ሰጠው።

ኋላ ቀነዓ እየፈለገው ሲመጣ ሽብሩ ከሾላ ዛፍ ጀርባ ተሸሸገ፤ በሌለበት ምን እንደሚሉት ሊሰማ ነው። ቀነዓ ሁለት ጊዜ ጠራው። ከዚያ ወንዙን ተሻግሮ ከመጣው ከጨመዳ ጋር ዝቅ ባለ ድምፅ ተነጋገሩ፤ «ሐረግ» የምትል ቃል ተሰማች፤ ሄዱ። ሽብሩ ድምፃቸው እስኪጠፋ ጠብቆ፣ ባዶ እጁን፣ ጫማዎቹን በብብቱ ይዞ አቀበቱን ተያያዘው። ለሐረግ ምን እንደሚል ሳይሆን፣ ለወይዘሮ ፀዳለ ምን እንደሚል ነበር የሚያስበው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቤቱ ደረሰ። ከደጃፉ የዓሣ ሽታ ተቀበለው። ሐረግወይን ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ አጥንት ትመጥጣለች፤ እስከ ክርኗ ወዝ ነው። እንዲህ ደስ ብሏት ካያት ስንት ጊዜው።

«የት ቀረህ? እኔ እኮ ሠጋሁ።»

«ይሄ ከየት መጣ?»

«ቀነዓ አድርሶት ሄደ። ‹የረጨው ኦቦ ሽብሩ ነው፣ ዓሣው የሱ ነው› ብሎ።» እጇን ላሰችና «ለመሆኑ ምን ሆነህ ነው? ጨመዳ ‹ገዲ ቡኢ፣ ገዲ ቡኢ› እያለ ጉሮሮው እስኪነቃ ቢጮህ ፊትህን አዞርክ አሉ።»

«ምን እያለ?»

«ገዲ ቡኢ። ውረድ ማለት አይደል? ብርብራ የቀመሰ ዓሣ ከታች ነው የሚንሳፈፍ። አንተ ላይ ተቀምጠህ ምን ትጠብቅ ነበር?»

ሽብሩ ቃሏን በአፉ ውስጥ አንከባለላት። ገዲ ቡኢ። ገበያ ውስጥ ስንት ጊዜ ሰምቷታል፤ እሱም ራሱ ለጭነት አውራጅ ብሏታል።

«ውኃው ይጮህ ነበር» አለ።

ሐረግወይን አየችው። ሁለት ዓሣ በሳህን አድርጋ ዘረጋችለት።

«ይሄን ለቀነዓ ቤት አድርስ። አንዲት እንኳ አላስቀረም።»

«እንዳላስቀረ በምን አወቅሽ?»

ሳህኑን ገፋ አድርጋ እጁ ላይ አኖረችው።

«ገዲ ቡኢ» አለችው፣ በቀስታ።

ወረደ። በባዶ እግሩ፣ በዚያች ቁልቁለት። የቀነዓ አጥር ጋ ሲደርስ ከውስጥ የቀነዓ ድምፅ ይሰማል፤ ለሚስቱ ለብርቄ አንድ ነገር ያወራላታል። ሽብሩ ሊጣራ አፉን ከፈተና፣ መጀመሪያ ምን እንደሚባል ልስማ ብሎ ጆሮውን ወደ አጥሩ አስጠጋ።

ብርቄ ሳቀች።

ሽብሩ ሱሪውን አየ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። ሳህኑ በእጁ ላይ እየቀዘቀዘ፣ እዚያው ቆሞ ስሙን ጠበቀ።