መስመሩ ሲቋረጥ

ባሏ ተራራው ጫፍ በሰላም መድረሱን የምታውቀው መስመሩ ሲቋረጥ ነበር።

እሱ የጂፒኤስ ጣቢያዎች ቴክኒሻን፣ እሷ ደግሞ ጣቢያዎቹ የሚልኩትን መረጃ በስክሪን የምትከታተል ባለሙያ ነበሩ። ጣቢያ የሚሉት ሲያዩት ያን ያህል ነገር አይደለም፤ ዐለት ላይ በብረት የተተከለ አንቴና፣ መቀበያና ባትሪ የያዘ ሣጥን፣ ባትሪውን የሚሞላ ሶላር፣ በቃ። ግን ዐለቱ የጥፍር ውፍረት ያህል ፈቀቅ ቢል ከሳተላይት የሚመጣው ምልክት ያሳብቅበታል።

ከሁሉም ሩቁ የእሳተ ገሞራው ተራራ ጣቢያ ነው። መረጃውን ሬዲዮ እየተቀባበለ ያወርደዋል እንጂ ስልክ እዚያ አይሠራም። ስለዚህ ባልየው ላብ በላብ ሆኖ ሲደርስ፣ ሌላ ነገር ከመንካቱ በፊት መቀበያውን ያጠፋና ጥቂት ቆይቶ መልሶ ያበራዋል። እዚህ ከተማ፣ ስክሪኑ ላይ፣ ሰማያዊው መስመር ቆረጥ ብሎ ይቀጥላል። እሷም የቢሮውን ስልክ አንሥታ ቤት ላሉት አማቷ ትደውላለች። "ደረሰ፣ እማማ።" አማቷ እልል ማለት ሲቀራቸው!

"ይሄ ሰውዬ ሽቦ ባየ ቁጥር ያስነጥሰዋል እንዴ?" ይል ነበር የክፍሉ ኃላፊ፣ ክፍተቱን እያየ። እሷ አቀርቅራ "ለጥገና ነው ያጠፋው" ትላለች፣ ሳቋን በጥርሷ ይዛ።

ባሏን የወሰደው ተራራው አልነበረም። እንደዚያ መስሏቸው ሊያጽናኗት የሚመጡትን ግን አታርማቸውም። አልጋው ላይ ነው የሞተው፣ ታሞ። ከዚያ ወዲህ የተራራው መስመር አንድም ቀን አልተቋረጠም። ለተመራማሪ ከዚህ የሚበልጥ ደስታ የለም። እሷ ግን ያን ምሉዕ መስመር ባየች ቁጥር ሆድ ይብሳታል።

አሁን ባትሪው ደከመ። ተራራው ደግሞ ሰሞኑን ከሥሩ ማበጥ ጀምሯልና ኃላፊው "አንዲት ደቂቃ እንዳታመልጠን" ብሎ አስጠነቀቀ። ባትሪውን ሊቀይር የሚወጣው የባሏ የመንገድ ጓደኛ የነበረው ቴክኒሻን ነው፤ ቦርጩ ቀድሞት በር ስለሚገባ የሥራ ባልደረቦቹ "ቀጭኑ" ይሉታል። ስልክ ከሚሠራበት የመጨረሻ ቦታ ደወለላት።

"እታለም፣ ተራራው ሥር ደርሻለሁ።"

"ቦርጭህን ይዘህ ነው የምትወጣው?"

"ትቼው ብሄድ ማን ይጠብቅልኛል?" ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስሚኝማ… እሱ ሲያጠፋው አጠገቡ ነበርኩ። 'ለቤት ልንገር' እያለ ነበር የሚያጠፋው። ከፈለግሽ እኔም ለአፍታ… ለአለቃ የምንለው አናጣም።"

እንዴት እንደፈለገችው! ያቺን ትንሽ ነጭ ክፍተት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

"ተው፣ አታጥፋው" አለች።

"አለቃን ፈርተሽ ከሆነ—"

"አለቃን አይደለም። ካጠፋኸው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።"

"እሺ እታለም" አለ። "አዲሱን ባትሪ ከአሮጌው ጎን ካሰርኩ በኋላ ነው አሮጌውን የምነቅለው። አይቋረጥም።"

ባልደረቦቿ ለምሳ ሲወጡ አልራበኝም ብላ ቀረች። መረጃውን ልጠብቅ ብዬ ነው ስትል ለራሷም ዋሸች። ሰማያዊው መስመር ቀስ እያለ ይጓዛል፤ ዐይኗ አብሮት ይጓዛል። ከኮሪደሩ ወዲያ አንድ ሰው እያፏጨ አለፈ።

መስመሩ ተቋረጠ።

የዛገው የባትሪ ማሰሪያ ቀጭኑ ገና ሲነካው እጁ ላይ እንደተሰበረ የሰማችው በኋላ ነው። ያን ጊዜ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እጇ ስልኩን አነሣ፤ ጣቷ ቁጥሩን አልረሳውም።

"ደረሰ፣ እማማ!"

የገዛ ድምፅዋን የሰማችው ከተናገረች በኋላ ነው። ልትመልሰው ወደደች፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ከወዲያ ማዶ ሲያወራ የነበረው ቴሌቪዥን ጸጥ አለ።

"ማን ነው የወጣው፣ ልጄ?" አሉ አማቷ።

"ቀጭኑ ነው።"

"ያ ቦርጫሙ?"

"አዎ፣ እሱ።"

"ወይ ጉድ! በዚያ ሆዱ!" አሉና ቀጠሉ። "ተመስገን ነው። እሱም የእናት ልጅ ነው። ሲወርድም ደውዪልኝ፣ ከስልኩ አጠገብ አልነሣም። ሰው ከጠበቅሁ ቆይቻለሁ።"

ስክሪኑ ላይ መስመሩ ተመልሶ መጓዝ ጀምሯል።

"እሺ፣ እማማ" አለች።

ስልኩን ግን ሁለቱም አልዘጉትም።