ያልተከፈተው ካርቶን

ሆስፒታሉ ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ካለ ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ እትዬ ቁልፌ ይላታል። የመጋዘኑን ቁልፍ በጥቁር ገመድ አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ሃያ ሁለት ዓመት ሆናት። ጓንቱ የት መደርደሪያ፣ መርፌው የት ጥግ እንዳለ ዓይኗን ጨፍና ታውቃለች። ሕጓ ደግሞ አጭር ነው፤ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል፣ የተከፈተው ካርቶን ሳያልቅ ሌላው አይከፈትም። አንድ ቀን የቀዶ ሕክምናው ኃላፊ ራሱ መጥቶ ከኋላ ካለው ከአዲሱ ጓንት ስጪኝ ቢላት፣ ተራው ሲደርስ ትወስዳለህ ብላ የቆየውን አሸክማ ሰደደችው። ሐኪም ሆነ ማን ሆነ፣ እሷ ንቅንቅ የለም።

ይህችን ሴት ነው እንግዲህ ወረቀት የላትም ያሏት። ትምህርት ያቆመችው ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው። አዲስ መመሪያ መጣና ማስረጃው የማይበቃ ሠራተኛ ሁሉ ከሦስት ወር በኋላ ይፈተን ተባለ፤ ሒሳብ፣ ሳይንስና ቋንቋ። ከሦስቱ አንዱን እንኳ የወደቀ ቁልፉን ያስረክባል። እትዬ ቁልፌ ማስታወቂያውን ሦስቴ አነበበችው። 

የመመዝገቢያውን ቅጽ የሞላችው እህቷ ቤት ነው። ታናሽ እህቷ መምህርት ናት። ቅጹ ላይ «ትምህርት ያቋረጡበት ምክንያት» የሚል መስመር ነበረ። እትዬ ቁልፌ ብዕሩን ከማንሳቷ መምህርቷ ቀደመቻት፣ እናቴን ለማስታመም ብለሽ ጻፊ አለቻት፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ። ይሄ የቤቱ ታሪክ ነው። እናት አልጋ ስትይዝ ትልቋ ደብተሯን ዘጋች፣ ትንሿ ተማረች፣ መምህርት ሆነች። መምህርቷ ይህን ለልጇም፣ ለባሏም ዘመዶች፣ በየዓመቱ ለምታስተምራቸው ተማሪዎችም ትናገራለች፤ ሳታለቅስ ጨርሳው አታውቅም። እትዬ ቁልፌ እንደተባለችው ጻፈች፣ ቅጹንም ቶሎ አጠፈችው።

መላ ያመጣችው ሚጡ ናት፣ የመምህርቷ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። በአክስቷ ስልክ ላይ አንድ ገጽ ከፈተችላት። ከከዋክብት እስከ አፈር፣ ከታሪክ እስከ ሙዚቃ ሃያ ሦስት ዓይነት ትምህርት፣ እያንዳንዱ በአጫጭር ቪዲዮ፣ ከሥሩ መልመጃ። መምህራን ማንም ይማርበት ብለው ያስቀመጡት ነው፣ ነፃ ነው አለቻት። እትዬ ቁልፌ ግን ነፃ የሚባል ዕቃ ታውቃለች፤ በእርዳታ ስም ስንት ጉድ ተራግፎባታል።

«ነፃ? ጊዜው ያለፈበት ነው እንዴ?» አለች።

አልነበረም። ቀመሰችው፣ ጣማት። በማግሥቱ ከመጋዘኑ ሃያ ሦስት ባዶ ቢን ካርድ አወጣች። ቢን ካርድ ማለት በየመደርደሪያው ላይ የሚንጠለጠል፣ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ቀረ የሚጻፍበት ወረቀት ነው። ለእያንዳንዱ ትምህርት አንድ አንድ ካርድ ሞላች፣ ደራርባ በላስቲክ አሰረቻቸው፣ ከላይኛው ጀመረች። ምሳ ሰዓት ሲሆን በሩን ገርበብ አድርጋ ከጓንት ካርቶኖቹ ጀርባ ትቀመጣለች፣ አንዱን ጆሮዋን ለስልኩ፣ አንዱን ለሚያንኳኳው ሰጥታ።

ወይ የሰው ልጅ! ለካስ ሴትዮዋ ተርባ ኖራለች። ከኮከብ የሚመጣው ብርሃን የተነሳው ድሮ መሆኑን የሰማች ቀን ለጽዳት ሠራተኞቹ ሁሉ ተናገረች፤ የምናየው መጋዘን ውስጥ የቆየ ብርሃን ነው እያለች አሳቀቻቸው። ባክቴሪያ ምን እንደሆነ የተማረች ቀን ግን አልሳቀችም። የባክቴሪያ መድኃኒት ስታድል ሃያ ሁለት ዓመቷ፣ መድኃኒቱ ከማን ጋር እንደሚጣላ የሰማችው ገና ያን ቀን ነው። ካርቶን ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ያኔ እንዲህ ቀስ ብሎ የሚያስረዳኝ ባገኝ ኖሮ አለች፣ ለማንም አይደለም፣ ለራሷ።

ፈተናው አሥር ቀን ሲቀረው ሚጡ ልትጠይቃት መጋዘን መጣች። ቋንቋ? አልቋል። ሳይንስ? አልቋል። ሙዚቃ? እሱም አልቋል። የባሕር እንስሳት ከሃያው አሥራ ስምንቱ ተጠናቋል። ሒሳብስ ስትላት «ተራው አልደረሰም» አለች። ሚጡ መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ስታያት ቀልድ አይደለም። አክስቴ፣ ስለ ዓሣ ነባሪ ማን ሊፈትንሽ ነው ብላ ተቆጣች። እትዬ ቁልፌም የለመደችውን ሕግ ጠቀሰች፤ የተከፈተው ሳያልቅ ሌላው አይከፈትም።

ሚጡ ካርዶቹን ተቀበለቻትና ከስልኩ ጋር አንድ በአንድ አመሳከረች። ሃያ ሁለቱ ገጹ ላይ ባሉበት ቅደም ተከተል ተደርድረዋል፣ አንድም ስህተት የለም። አንዱ ብቻ ነው ቦታውን የሳተው።

«አክስቴ፣ ሒሳብ እኮ እዚህ ላይ የመጀመሪያው ነው። አንቺ ጋ ከሁሉም ሥር ነው ያለው።»

እትዬ ቁልፌ ስልኩን አየች፣ ካርዱን አየች። በሃያ ሁለት ዓመት አንዲት ካርቶን ከተራዋ ያላወጣች እጅ፣ ባለቤቷን እንኳ ሳታስፈቅድ ይህን አድርጋለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ! ካርቶኑ ላይ ቁጭ አለችና ለሠላሳ አምስት ዓመት ማንም ያልሰማውን ነገረቻት። ያኔ ሒሳብ ከመቶ አሥራ አንድ ነበር ያመጣችው። ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ጨመረችው። ሆዴን አመመኝ እያለች ከትምህርት ቤት ቀረች፤ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሁለት ወር። እናቷ አልጋ የያዘችው ከዚያ በኋላ ነው።

«ስትታመም ደነገጥሁ» አለች። «ግን እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስም ብሎኛል። ምክንያት አገኘሁ።»

ሚጡ ለእናቴ ንገሪያት እንዳትላት አክስቷ ቀደመቻትና ፈተናውን ሳልፍ እነግራታለሁ አለች።

ሒሳብ ያን ቀን ተከፈተ። ስድሳ ሁለት ትምህርት ነው፣ የቀረው አሥር ቀን። ሚጡ ፈተና ላይ የሚወጣውን እየመረጥሽ ዝለዪ ብላ ለመነቻት። እሷ ግን ያኔም የወደቅሁት ሳይገባኝ እየዘለልኩ ነው፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብላ ከክፍልፋይ ጀመረች። መምህሩ አንድ ወረቀት ለአራት ሲያጥፍ አየችውና አፏን ያዘች። አንድ ካርቶን አሥር ፓኬት፣ ከአሥሩ ሦስቱ ለሕፃናት ክፍል፣ ሁለቱ ለማዋለጃ። ይሄማ የኔ ሥራ ነው አለች። ስትፈራው የኖረችውን ነገር ለካ በየቀኑ በእጇ ስትሠራው ነበር። አሥሩ ቀን ሲያልቅ ሃያ አንደኛውን ጨርሳለች።

ውጤቱ መጣ። ቋንቋ ሰባ አንድ። ሳይንስ ሰማንያ አራት፣ ከተፈተኑት ሁሉ አንደኛ። ሒሳብ አርባ ስድስት፣ ማለፊያው ሃምሳ። ያልደረሰችበትን አልሠራችም፣ የደረሰችበትን አንድም አልሳተችም። ቁልፉን ለተተኪው ያስረከበች ዕለት አንገቷ ቀለላትና ቅለቱን ጠላችው። ሰዎቹ እትዬ ቁልፌ ብለው ይጠሩና ወዲያው ያፍራሉ። ፈተናው ከስድስት ወር በኋላ በድጋሚ ይሰጣል፤ እስከዚያ የመጋዘኑ ረዳት ነች ተባለ።

ለድጋሚው አዲስ ቅጽ ያስፈልጋል። እሱንም እህቷ ቤት ይዛው ሄደች። መምህርቷ እየተንገበገበች ነበር፤ ለእናቷና ለእህቷ ብላ ትምህርቷን የተወች ሴት እንዲህ ትዋረድ እያለች አለቃ የተባለውን ሁሉ ረገመች። ሚጡ አንገቷን ደፋች። እትዬ ቁልፌ ያንን የምክንያት መስመር ስታገኝ ትንሽ ቆመች። ፈተናውን አላለፈችም፣ ሳልፍ እነግራታለሁ ያለችው ቀን አልመጣም። እውነት ደግሞ ለካ ተራ አይጠብቅም። «ሒሳብ ወድቄ፣ አፍሬ» ብላ ጻፈችና ወረቀቱን ወደ እህቷ ገፋችው።

መምህርቷ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«እማማስ?»

«የታመመችው እኔ ሆዴን አመመኝ ብዬ ከቀረሁ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ማስታመሙ እውነት ነው። ትምህርቱን ለእናንተ ብዬ መተዌ ነው ውሸቱ።»

መምህርቷ ተነስታ ንጹሑን ብርጭቆ ሁሉ እንደገና አጠበች። ሠላሳ አምስት ዓመት እያለቀስኩ ያወራሁት ምን ነበር አለች፣ ጀርባዋን እንደሰጠች። እትዬ ቁልፌ አውቃለሁ አለች። ፊቷን ስትመልስ መምህርቷ ቁጣው ሳይሆን እንባው ቀድሟት ነበር።

«እታለም፣ ምኑ ነው ያቃተሽ ያኔ?»

«ክፍልፋይ። ከሱ በኋላ ያለው ሁሉ ጨለመብኝ።»

«ክፍልፋይ! እኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፣ በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ። አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው እኮ። ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ታናሼን?»

«ታናሽሽን።»

እትዬ ቁልፌ ይህን አስባው አታውቅም። ያን ሁሉ ሌሊት ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ስትተኛ፣ መልሱ ከጀርባዋ አንድ ብርድ ልብስ ተጋርቷት ያንኮራፋ ነበር። አልተከፈለበትም፣ አልተለመነም፣ ጠይቂኝ ብሎ ብቻ ይጠብቅ ነበር። እንባዋ ሳታስበው ዱብ ዱብ አለ።

መምህርቷ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወንበሯን ጎትታ ከእህቷ ጎን ተቀመጠች። ከሚጡ ሰምታለችና የሒሳቡን ካርድ አምጪው አለቻት። ስንት ቀረሽ ስትላት እትዬ ቁልፌ ማየት አላስፈለጋትም፣ አርባ አንድ አለች። ሚጡ ስልኳን በሁለቱ መሃል አቆመችው።

«በይ» አለች መምህርቷ፣ «ሃያ ሁለተኛውን ክፈቺው።»