የመኪናዋ እናት

በፊልሙ መኪና ውስጥ አምስት ሰውና አንድ ውሻ ታጭቀዋል። አባት ይነዳል፣ እናት ትቆጣለች፣ አጎት ያንኮራፋል፣ ትንሹ ልጅ በየመታጠፊያው ሽንቴ መጣ ይላል፣ ትልቋ ልጅ ደግሞ ከኋላ ተቀምጣ ሁሉንም ታሽሟጥጣለች። ውሻው ያስመልሳል። በቀረጻ ክፍሉ ውስጥ ግን ቃጭል ብቻዋን ናት።

ክፍሉ ከቁም ሣጥን ቢሰፋ በክንድ ነው። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በፍራሽ ስፖንጅ ተለብጧል። የማን ፍራሽ እንደነበረ የሚያውቅ የለም፤ ሲሞቅ ግን የማያውቁት ሰው እንቅልፍ ይሸታል። አንድ ማይክ፣ አንድ ትንሽ ቴሌቪዥን፣ አንድ ወንበር፣ የጆሮ ማዳመጫ። በቃ።

ፊልሙ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ቤተሰቡ ባሕር አይቶ የማያውቀውን አጎት ባሕር ለማሳየት በአሮጌ መኪና ይነሳና መንገድ ላይ መከራውን ያያል። ያስቃል ተብሎ ነው። ወደ እኛ ቋንቋ መልሰው ድምፅ የሚያለብሱት ሰዎች ታዲያ ለተመልካች ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው የሚጓዙ ይመስላሉ እንጂ ተያይተው እንኳ አያውቁም። ክፍሉ ሁለት ሰው አይችልም። ሁሉም በየተራው ይመጣል፣ የራሱን ተናግሮ ይሄዳል። መጀመሪያ የሚቀዳው ለባዶ ያወራል፤ መጨረሻ የሚቀዳው የሁሉንም ይሰማል። እናቲቱ የመጀመሪያዋ ነበረች። ቃጭል፣ ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ተጠብቆ፣ የመጨረሻዋ።

ቃጭል የቤት ስሟ አይደለም። ያወጣላት የድምፅ ባለሙያው ነው፤ እሱም በሥራውም በመልኩም ምክንያት ጆሮ ነው የሚባለው። ከእነ ቃጭል ቤት በታች ባለው ፎቅ ከሚስቱ ጋር ይኖራል። አንድ ቀን ቃጭል በረንዳ ላይ ቆማ ከታች ካለው ባለሱቅ ጋር ስትጨቃጨቅ ሰማት።

«ይሄ ብስኩት ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል እኮ! አንቱ ልበለው እንዴ?»

«ካልፈለግሽ መልሺው፣ ምላሳም!»

«እንዴት አድርጌ ልመልሰው? ደረጃ መውረድ አይችል፣ ጉልበቱን ያመዋል!»

ሰፈሩ ሳቀ። ጆሮ ግን አልሳቀም፤ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጥቶ በሩን አንኳኳ። «ይህን አፍ ለማንም እንዳትሰጪ» አላት። በፊልሙ ያለችውን አሽሟጣጭ ልጅ የምትሆን ሲፈልግ ነበር የከረመው።

አባቷን አላስፈቀደችም ማለት ይቻላል። አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ሲሚንቶ ጭኖ ሲሄድ አንዳንዴ ሳምንት ይቆያል። እሱ በሌለ ጊዜ የጆሮ ሚስት ከታች ሆና ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት ታንኳኳለች፣ ቃጭልም ወለሏን በተረከዟ መትታ ትመልሳለች። አለሁ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ንጋት የሚያናግራት የለም።

እናቷ የሞተችው ቃጭል ገና ጥርስ ስታወጣ ነው። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ፎቶዋ አለ፤ ካሜራው አንድ ነገር ልትናገር ስትል ነው የያዛት፣ አፏ ትንሽ ተከፍቷል። ልጅ ሆና ቃጭል ያንን አፍ አፍጥጣ እያየች ትጠብቅ ነበር። አንዴ አባቷን «ድምጿ ምን ይመስል ነበር?» ብላ ጠየቀችው። አሰበ፣ አሰበና «ጥሩ ነበር» አላት። ጥሩ! ስለ ጎማ እንኳ ሲያወራ ከዚህ የበለጠ ቃል አለው።

ለዚህ ነው ነገሩ የጀመረው።

ከፊልሙ መሀል አካባቢ መኪናዋ ባዶ ሜዳ ላይ ትበላሻለች። ቀልዱ ሁሉ ያልቃል፣ ሁሉም ይደክመዋል። እናቲቱ ሹራቧን አውልቃ ትልቋን ልጅ ታለብሳትና «ተኚ፣ ስንደርስ እቀሰቅስሻለሁ» ትላታለች። ልጅቱ በእንቅልፍ ልቧ «እሺ» ትላለች። እዚህ ቦታ ላይ የቃጭል ድርሻ ይህችው «እሺ» ብቻ ናት።

የእናቲቱ ድምፅ በማዳመጫው መጣ። ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣ ጫፉ ላይ ደከም የሚል። ከውጭ የሚመጣ አይመስልም፤ ከራሷ ጭንቅላት ውስጥ የሚወጣ ነው የሚመስለው። ቃጭል አፏን ከፈተችና ዝም አለች።

«እንደገና» አለ ጆሮ ከክፍሉ ትንሽ የመስታወት መስኮት ማዶ።

በሁለተኛው አነጠሰች። በሦስተኛው «እሺ!» ብላ ስትጮህ ጆሮ ማዳመጫውን ከራሱ ላይ መንጭቆ ጣለ። በሌላኛው «አልተኛም» አለች።

«አንቺ ልጅ፣ ያን ሁሉ ስድብ ባንድ ትንፋሽ አውርደሽው አንዲት እሺ ታቅትሽ?»

«እሺ ማለት አልለመድኩማ፣ ጋሼ። አባቴን ጠይቀው።»

«በሌላ ቦታ የማይተሳሰር ምላስ እዚህች ጋ ሲደርስ ምን ነካው?»

ባበላሸች ቁጥር ጆሮ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ በመለሰው ቁጥር ሴትየዋ «ተኚ» ትላታለች። ኋላ ላይ ግን አፈረችና በትክክል አለችው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ይህኛው ጆሮ ግን ለሰው ባዳ አልነበረም። መቅጃውን አጠፋና ያችን ቦታ አንዴ እንደገና አሰማት።

«ማናት?» አለች ቃጭል ስትወጣ፣ የጫማዋን ማሰሪያ የምታስር መስላ።

«ማን?»

«የመኪናዋ እናት።»

«ሌላ ከተማ ነው ያለችው። መጥታ ባንድ ቀን ተገላግላው ሄደች። ፊልሙ ሲመረቅ ትመጣለች መሰለኝ። ምነው?»

«ምንም። አነጋገሯ አላማረኝም፣ ልነግራት ነው።»

እስከ ምርቃቱ ቀን ድረስ መስታወት ፊት ቆማ ተለማመደች። ጤና ይስጥልኝ፣ ልጅዎ ነኝ። አይ፣ ትደነግጣለች። ጤና ይስጥልኝ፣ ከኋላ ወንበር የነበርኩት ነኝ። ይህም የእብድ ንግግር ነው። ሴትየዋን በሐሳቧ ሥላት ነበር፤ ሞላ ያለች፣ ሻርፕ ጣል ያደረገች፣ ሰው ስታይ አንገቷን ዘንበል የምታደርግ። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያ ድምፅ እሷን፣ ቃጭልን፣ እያያት አንድ ነገር እንዲላት። ምንም ይሁን። «ፀጉርሽን ምነው አላበጠርሽም» ቢላትም ይበቃታል።

ለአባቷም ደወለች።

«አባ፣ እሁድ ከሰዓት ነው። አትቅር።»

«ጭነቴን አራግፌ እደርሳለሁ።»

«ባለፈውም እንዲሁ ብለህ ነበር።»

«ባለፈው ጎማ ፈነዳ።»

«ያንተ ጎማ ደግሞ የእኔን ጉዳይ ጠብቆ ነው የሚፈነዳው።»

እሁድ ደረሰ። የሲኒማ ቤቱ በር ላይ «ሆዳችሁን ይዛችሁ ግቡ!» የሚል ትልቅ ፖስተር ተሰቅሏል። ቃጭል ቀድማ ገብታ ሁለት ወንበር ያዘች፤ በግራዋ ባለው ላይ ሹራቧን፣ በቀኟ ባለው ላይ ቦርሳዋን አኖረች። አንዱ የአባቷ፣ አንዱ የሴትየዋ። ከዚያ መግቢያው ላይ ወጥታ ሴት ማደን ጀመረች። መልኳን አታውቅም፤ የምታውቀው ድምጿን ነው። ስለዚህ ያገኘቻትን ሁሉ «ይቅርታ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» እያለች ታናግራለች።

ሻርፕ ያደረገች ሞላ ያለች ሴት ስታይ ሮጠች። ጠየቀቻት። ሴትየዋ እንደ ትንኝ በቀጠነ ድምፅ መለሰችላት። ሌላዋ ጉንፋን ይዟታል። አንዷ ወይዘሮ ደግሞ ከላይ እስከ ታች አዩዋትና «እጅሽ ላይ ያለው ምንድን ነው ልጄ፣ አምባር ነው?» አሏት። ሰዓቷን ማውለቅ ረስታ ኖሯል። ኩም ብላ ገባች።

ፊልሙ ተጀመረ። ወይ ፊልም! ቀልዶቹ እንደማይነሳ ስልክ ይጠሩ፣ ይጠሩና ያቆማሉ። አጎትየው ከመኪናው ጣሪያ ላይ ሲወድቅ አንድ ሕፃን አለቀሰ። ውሻው ሲያስመልስ ሁለት ሰው ወጣ። በአዳራሹ ሆዱን የያዘ ሰው ቢኖር ምሳ ያልተስማማው ብቻ ነው። የራሷን ድምፅ ስትሰማ ደግሞ ቃጭል ወንበሯ ውስጥ ልትሰምጥ ምንም አልቀራት፤ በትልቁ መጋረጃ ላይ የልጅቱ ከንፈር ተዘግቶም ስድቡ ይቀጥላል።

«ይቺ ልጅ አፏን ዘግታ ነው እንዴ የምትሳደበው?» አለ ከኋላዋ አንዱ።

«በአፍንጫዋ ይሆናላ» አለው ጓደኛው። በዚያን ቀን የሳቁት በዚህ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ላይ «ሰው አለው?» እያሉ ወንበሮቹን የሚጠይቋት ነበሩ፤ «አለው» ትላለች ኮስተር ብላ። እየቆየ ግን ሰው እየወጣ አዳራሹ ሳሳ፣ ወንበር የሚጠይቅም ጠፋ። ሹራቧና ቦርሳዋ በግራና በቀኝ ተቀምጠው ፊልሙን ያያሉ።

ያችም ቦታ መጣች። ባዶው ሜዳ፣ የተበላሸችው መኪና፣ ሹራቡ። ቃጭል ወደ ፊት ዘንበል አለች። «ተኚ፣ ስንደርስ…» ስትል እናቲቱ፣ አንዱ ተመልካች የብስኩት ላስቲክ ቀደደ፤ ቀሪው በመንኮሽኮሹ ተዋጠ። «እሺ» ብቻ ጥርት ብላ ተሰማች። ማንም ምንም ሳይላት እሺ ያለች ሞኝ ትመስል ነበር።

መብራት ሲበራ አባቷ የለም። ጆሮ ከፊልሙ አከፋፋይ ጋር ጥግ ይዞ ይከራከራል። ቃጭል ሹራቧንና ቦርሳዋን አነሳችና ፊቷን ልትታጠብ ወደ መጸዳጃ ቤት ሄደች። እዚያ ነው የሰማችው።

«እሺ… እሺ እማ… እሺ አልኩሽ እኮ! አውቶቡስ እይዛለሁ፣ አትጠብቂኝ፣ ብይ።»

ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣ ጫፉ ላይ ደከም የሚል። ቃጭል ደርቃ ቀረች። ቧንቧው አጠገብ ስልክ በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል አጣብቃ እጇን የምትታጠበው ቀጭን ልጅ ናት፤ ጂንስ የለበሰች፣ ቦርሳ በጀርባዋ ያዘለች፣ ግንባሯ ላይ ብጉር ያለባት። ከቃጭል ብትበልጥ በጥቂት ዓመት ነው።

«አንቺ ነሽ እንዴ?» አለች ቃጭል። የተለማመደችው ሁሉ ጠፋባት።

«ማን ነኝ?»

«እናቴ።»

ልጅቱ ቧንቧውን ዘጋች። አየቻት፣ አየቻትና በሳቅ ፈረሰች። «የመኪናዋ ልጅ! ያቺ ምላሳም! አትፍረጂብኝ፣ ይህ ድምፅ ሲፈጥረኝ ነው፤ ገና ተማሪ ሆኜ እንኳ ስልክ ሳነሳ እትዬ ነበር የሚሉኝ። አንቺን ገና ዛሬ ሰማሁሽ እኮ! እኔ ስቀዳ ማንም አልነበረም፤ ግድግዳ ስቆጣ ዋልኩ።»

«እኔ ግን ስሰማሽ ነበር» አለች ቃጭል። «ያቺ… ተኚ፣ ስንደርስ እቀሰቅስሻለሁ ያልሽባት…»

«ብያለሁ እንዴ?» ልጅቱ ቅንድቧን ሰብሰብ አድርጋ አስታወሰች። «አዎ፣ መኪናው ሲቆም። ያን ቀን እንዴት ርቦኝ ነበር መሰለሽ! ድምፄ ሁላ ሊጠፋ ነበር። ቶሎ ተናግሬ ልውጣ እያልኩ።»

የሰው ወርቅ አያደምቅ፣ የሰው እናትም እንደዚያው ናት መሰለኝ፤ ለዚያውም ይህችኛዋ እናት ሳትሆን የራሷ እናት ራት ይዘው የሚጠብቋት ልጅ ናት። ቃጭል የሹራቧን እጅጌ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

ልጅቱ ነገሩ ገባት መሰል ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ልበልልሽ?»

ቃጭል ስንት ቀን የጠበቀችው ይህንን ነበር። አፏን ከፈተች፣ በፎቶው ላይ እንዳለችው እናቷ ትንሽ ከፍታ ቆየች።

«አይ፣ ይቅር» አለች። «አውቶቡሱ ያመልጥሻል።»

ልጅቱ ጉንጯን ስማት ሮጠች። ቦርሳዋ ጀርባዋ ላይ እየዘለለ ደረጃውን ወረደች። «እንገናኛለን!» የሚለው ድምፅ ከታች መጣ፤ ስልክ ግን አልተለዋወጡም።

ቃጭል ስትወጣ ከሲኒማ ቤቱ ጎን፣ ግንቡን ተጠግቶ፣ የአባቷ መኪና ቆሟል። ጎማው ደህና ነው። ልትቆጣው እየጨሰች ሄዳ በሩን ከፈተች። አባቷ መሪው ላይ ተደፍቶ ተኝቷል። ሽፋሽፍቱ ላይ ሲሚንቶ አለ። የሥራ ልብሱን አውልቆ የተተኮሰውን ነጭ ሸሚዝ ሊለብስ ጀምሮ፣ አንዱ እጁ ገብቷል፣ ሌላው እጅጌ ጭኑ ላይ ተንጠልጥሏል። ለብሶ ሳይጨርስ እንቅልፍ ጣለው። መቼ እንደደረሰ እንጃ።

መኪናው ላይ ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። በሩ ሲዘጋ አንድ ዓይኑን ገለጥ አደረገ።

«ጀመረ?»

ከፊት ለፊት አንድ ሠራተኛ መሰላል ላይ ወጥቶ ፖስተሩን ያወርዳል። «ሆዳችሁን ይዛችሁ» የሚለው ተላጦ «ግቡ!» ብቻ ቀርቷል።

«አልጀመረም» አለች። ድምጿ ወፍራም አልነበረም፣ ዝግ ያለም አልነበረም፤ ያው የቃጭል ድምፅ ነው፣ ጫፉ ላይ ብቻ ደከም ይላል። «ተኛ፣ ሲጀምር እቀሰቅስሃለሁ።»

«እሺ» አለ አባቷ በእንቅልፍ ልቡ። ባንዴ፣ ሳያበላሽ።

ሌላውን እጅጌ ልታለብሰው እጇን ዘረጋችና፣ እንዳይነቃ ብላ ተወችው።