ገጽ አርባ ሰባት

አይቹሮክ ሥራዋን ባስረከበች በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኮምፒውተሯ ፊት ቁጭ ብላ ጨርሶ የማይገባት ነገር አየች።

ሥራዋ «ጃሪክ» የሚባለውን የትምህርት ድረ ገጽ ማደስ ነበር። ጃሪክን ከዓመታት በፊት የሠሩት ሳግንቤክ አጋይ («አጋይ» መምህር ማለት ነው) የሚባሉ የተራራማው የናሪን አውራጃ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ጡረታ ሲወጡ ቢሽኬክ ላለው የትምህርት ማዕከል በነጻ ሰጡት። ሰውየው ሒሳብ ያውቃሉ እንጂ ለመልክ ደንታ የላቸውም። የገጹ ጀርባ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ፣ ጽሑፉ ቀይ፣ ጥጉ ላይ ደግሞ ሳታቋርጥ ብልጭ ድርግም የምትል ኮከብ ነበረች። ከላይ አሥራ አራት ቁልፎች ተደርድረዋል፤ ሦስቱ የሚወስዱት ወደ አንድ ቦታ ነው።

አይቹሮክ አራት ወር ሙሉ ደከመችበት። ጀርባውን ነጭ አደረገች፣ ፊደሉን አጎላች፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱን ገጽ ወደ ዘጠና ሰበሰበች። ተማሪው የሚፈልገውን ትምህርት ሁለት ጊዜ ብቻ ተጭኖ እንዲያገኘው አድርጋ አሰናዳችው። ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ልጆችን ሰብስባ ስትሞክረው አንድም የተደናገረ ልጅ አልነበረም። ሰኞ ዕለት የማዕከሉ ኃላፊ ኤርኪን ባይኬ፣ ጋሼ ኤርኪን እንደማለት ነው፣ ለቢሮው ሁሉ በሥጋ የተሞላ ሳምሳ ገዝተው፣ «እንዲህ ነው እንጂ!» ብለው አጨበጨቡላት።

ረቡዕ የጎብኚዎቹን ቁጥር ስትከፍት ግን የናሪን አካባቢ ቁጥር ቁልቁል ወርዷል። የሌላው አገር ሁሉ ጨምሯል፤ የዚያ ብቻ ወድቋል። ይባስ ብሎም ሰዎች አሁን የሌለ አንድ ገጽ በቀን ሦስት መቶ ጊዜ ያህል ይጠራሉ። ገጽ አርባ ሰባት።

አጠገቧ የሚቀመጠውን ፕሮግራመር ኡላንን ጠራችው።

«አርባ ሰባት ምን ነበር?»

«የሰባተኛ ክፍል እኩልታ። ከአርባ ስድስት ጋር አንድ ዓይነት ነው ብለሽ አንቺው ነሽ ያስጠፋሽው።»

የድሮውን መዝገብ አብረው አዩት። አርባ ሰባት ላይ የገባ ሰው ግማሽ ሰዓት ይቆይ ነበር። ሌላው ገጽ ላይ ሦስት ደቂቃ የቆየ ሰው የለም። ደግሞ ከሚገቡት ሰዎች እኩሌታው የሚመጣው ከሩሲያ ነው፤ ከሞስኮ፣ ከየካተሪንቡርግ።

«በኪርጊዝኛ የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ የሚማር የካተሪንቡርግ ውስጥ ማን አለ?» አለች።

«ሮቦት ነው፤ ተይው። ሰው በጤናው አንድ እኩልታ ላይ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል?»

«ሰባተኛ ክፍል የደረሰ ሮቦት?»

«ዘንድሮ ማን የማይማር አለ!» ብሎ ሳቀና ወደ ሥራው ተመለሰ።

እሷ ግን አልሳቀችም። ገጹ ሥር «አሠራርህን አሳይ» የሚል፣ ሁለት መቶ ፊደል ብቻ የሚቀበልና የተጻፈበትን ለገባ ሁሉ የሚያሳይ ሳጥን እንደነበረ ትዝ አላት። ሌሎቹ ገጾች ላይም ነበረ፤ የሌሎቹ ከተበላሸ ቆይቷል። የአርባ ሰባቱ ሳጥን ውስጥ የተጻፈው ደግሞ እንኳን አሠራር፣ ወሬም አይመስልም ነበር። «ኤክስ = 6። ጥጃዋ ቆመች?» ይላል አንዱ። «ኤክስ = 6። የአያትሽ መድኃኒት ጠዋት ነው ማታ?» ይላል ሌላው። ያን ጊዜ ጮክ ብላ እያነበበች ከኡላን ጋር ስቀውበት፣ ቆሻሻ ነው ብላ ሁሉንም አስጠረገችው።

ከሰዓት በኋላ የቢሮው ስልክ ጮኸ። የአዛውንት ድምፅ ነው።

«ጃሪክን ያሳመርሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ አጋይ፣ እኔ ነኝ።» ሳግንቤክ አጋይ መሆናቸው ወዲያው ገባት።

«እጅሽ ይባረክ። ኮከቤ ምን አደረገችሽ ግን?»

«ዓይን ታደክማለች ብዬ ነው እኮ አጋይ…»

«እሺ፣ እሷስ ትሂድ። አርባ ሰባትን የት አደረስሽው? የሰፈሩ ልጆች በሬ ድረስ መጥተው ጠየቁኝ። አንዷማ እንባዋ ይወርዳል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ለሒሳብ ያለቀሰ ልጅ አይቼ አላውቅም፤ ፈተና ከወደቀው በቀር። እኔም አልገባኝምና መጥተሽ እዪው።»

በማግስቱ በሚኒባስ ተነሣች። የፀደዩ የኖሩዝ በዓል ካለፈ ሳምንት ቢሆነውም ተራሮቹ ላይ በረዶው አልቀለጠም። የሳግንቤክ አጋይ መንደር ከአት-ባሺ ወዲያ ነው፤ ስትደርስ ቀኑ መሽቷል። ሚስታቸው ቦርሶክ የሚባል የተጠበሰ ሊጥና ሻይ አቀረቡላት። አጋይ በተራቸው የአዲሱን ገጽ አንድ የትየባ ስሕተት አወጡና ከልባቸው ተደሰቱ።

ጠዋት ትምህርት ቤት ሄደች። የኮምፒውተር ክፍሉ አሥራ አንድ ማሽን አለው። የኮምፒውተር መምህርቷ ዳሚራ ኤጄ («ኤጄ» እትዬ እንደማለት ነው) የሹራብ እጅጌያቸውን ሰብስበው በር ላይ ተቀበሏት።

«እዚህ የሚከፈተው ጃሪክ ብቻ ነው» አሏት። «ሌላውን ወረዳው ዘግቶታል። ልጆቹ ይጫወታሉ ተብሎ።»

አይቹሮክ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ዝም ብላ አየች። ልጆቹ ገቡ፣ ተቀመጡ፣ አንዳቸውም አዲሱን የፊት ገጽ አልነኩትም። ሁሉም በቀጥታ የአርባ ሰባትን አድራሻ በጣታቸው ጻፉ። አሥራ አንዱም ስክሪን ላይ እሷ ራሷ ሁለት ቀን ሙሉ የሳለችው ቀበሮ ብቅ አለ። ቀበሮው ፈገግ ብሎ «ገጹ አልተገኘም፤ አይዞህ!» የሚል ሰሌዳ ይዟል። ልጆቹ ቀበሮውን አዩት። ከዚያ እንደገና ጻፉ። ቀበሮው እንደገና ፈገግ አለ።

ተነሥታ መስኮቱ አጠገብ ወዳለችው ልጅ ሄደች። ጃዝጉል ትባላለች፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው።

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«ሒሳብ፣ ኤጄ።»

«የትኛውን ሒሳብ?»

«ሒሳብ ነዋ።»

አይቹሮክ ጎንበስ ብላ ሁለት ጊዜ ተጫነችና እኩልታውን አወጣችላት። «ይኸው። ያው ነው፤ እንዲያውም አምሯል። ምሳሌም ጨምሬበታለሁ።»

«አመሰግናለሁ፣ ኤጄ» አለች ጃዝጉል በጨዋነት። አይቹሮክ ዞር ከማለቷ ግን ልጅቷ አርባ ሰባትን መልሳ ጻፈች።

አይቹሮክ ግራ ገባት። በሙያዋ የኮራችበት ነገር ሁሉ እዚያ ክፍል ውስጥ ከንቱ ሆነባት። ያጎላችው ፊደል፣ ያሳጠረችው መንገድ፣ የመረጠችው ቀለም፣ ሁሉም ልክ ነው። ልጆቹ ግን የሆነ ሰው ቤታቸውን አፍርሶ ውብ አበባ የተከለበት ይመስል ፈዘው ያያሉ።

በዕረፍት ሰዓት ጃዝጉልን ግቢው ውስጥ ብቻዋን ቆማ አገኘቻት።

«ገጹን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለቻት።

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። «ለምን?»

«ማንም አይፈልገውም ብዬ። ምን እንደነበረ ብትነግሪኝ እመልሰዋለሁ።»

«ለዳሚራ ኤጄ ይነግራሉ?»

«አልነግርም።»

ጃዝጉል የጫማዋን ጫፍ በረዶው ላይ ፈተገች። «እናቴ የካተሪንቡርግ ልብስ ትሰፋለች። እሁድ እሁድ በአያቴ ስልክ ትደውላለች። ሁሉም ከቦ ይሰማል። አያቴም፣ አጎቴም፣ ሚስቱም። ‹ደህና ነሽ?› ትለኛለች፣ ‹ደህና ነኝ› እላለሁ፤ ከዚያ ስልኩን ይቀበሉኛል። አርባ ሰባት ላይ ግን እኔና እሷ ብቻ ነን። ልጆቹ ሁላችንም የየራሳችንን ነው የምናነበው።»

«ሁሉም ልጅ? ለእናቱ?»

«ለአባቱ የሚጽፍም አለ። መጀመሪያ ግን ኤክስ ይጻፋል። ዳሚራ ኤጄ ከኋላ ሲያልፉ ሒሳብ እንዲመስል። እናቶቹም ለምደውታል። የኔ እናት መጀመሪያ ጊዜ ኤክስን ሰባት ብላ ጻፈችና አረምኳት።»

አይቹሮክ ወዲያው ለኡላን ደወለች። ነገሩንም ነገረችው።

«ሮቦት አልነበረም ማለት ነው» አለ።

«ቅጂ አለህ?»

«ያለኝ የወሩ መጀመሪያ ነው። እኛ ሳጥኑን የጠረግነው በአሥራ አራተኛው ቀን ነው። መሐል ያሉት ሁለት ሳምንታት የሉም፣ አይቹ።»

«ያለውን መልስ። ቢጫውን ከነኮከቡ።»

ከምሳ በኋላ አርባ ሰባት ተመለሰ። ቀበሮው ጠፋና አስኳል ቢጫው አሥራ አንዱም ስክሪን ላይ በራ። ልጆቹ አልጮኹም፤ ወደ ስክሪናቸው ተጠግተው ማንበብ ጀመሩ። ዳሚራ ኤጄ ከግድግዳው ጎን ቆመው ነበር። በልጆቹ ኋላ የሚያልፈውን መንገድ ትተው በዴስኮቹ ፊት በኩል ዞረው ወደ መስኮቱ ሄዱ። አይቹሮክ ስታያቸው፣ «እኔ ሁሌም በዚህ በኩል ነው የምሄደው» አሉ ቀስ ብለው።

ጃዝጉል ግን አንብባ ጨርሳ አልተነሣችም። አይቹሮክ ስትጠጋት ልጅቷ ጣቷን መጨረሻው መልእክት ላይ አደረገች። «ኤክስ = 6። ለበጋ ወደ ቤት ለመምጣት ፈቃድ እጠይቃለሁ። ለማንም እንዳትናገሪ። መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት እጽፍልሻለሁ።»

«መልሱስ?» አለች ጃዝጉል።

አይቹሮክ ያንን መልስ አንብባዋለች። ያን ቀን ለኡላን ጮክ ብላ ካነበበቻቸው አንዱ እሱ ነበር። «ኤክስ = 6። ጠየቅኋቸው…» የሚለው ይታወሳታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቃል ግን «ፈቀዱልኝ» ይሁን «አልፈቀዱልኝም» ከራሷ ጋር ብትታገልም ሊመጣላት አልቻለም። ቃሉን በዓይኗ አይታዋለች፣ በአፏ ጠርታዋለች፤ ያኔ ግን ፈቃድ የሚጠይቅ ሒሳብ ብለው ስቀው አለፉት።

«አንብበውታል?» አለች ልጅቷ ፊቷን እያየች።

«አንብቤዋለሁ።»

«ምን ይላል?»

«አላስታውስም፣ ጃዝጉል። እውነቴን ነው። ደብዳቤ መሆኑን አላወቅሁም ነበር።»

ልጅቷ አልተቆጣችም። ለአይቹሮክ ያ ባሰባት። ወደ ኪቦርዱ ዞራ በሁለት ጣት ጻፈች፦ «ኤክስ = 6። እማ፣ ያለፈው ጠፍቷል። እንደገና ጻፊው።» ከዚያ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

አይቹሮክ ከመሄዷ በፊት ልጆቹን ምን ቢስተካከል እንደሚወዱ ጠየቀቻቸው። ለእናቶችና ለአባቶች ብቻ የሚሆን የሚያምር ገጽ፣ ስምና የምሥጢር ቃል ያለው፣ ልሥራላችሁ አለቻቸው። ልጆቹ ተያዩ። «እንደሱ ከሆነ ይዘጉታል» አለ አንዱ ልጅ። «አሁን ሒሳብ ነው።» ማንም ሊያነበው እንደሚችል ብትነግራቸውም፣ «ማን ብሎ ሒሳብ ያነባል?» ብለው መለሱላት። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳጥኑ ከሁለት መቶ ፊደል በላይ እንዲይዝ።

ቢሽኬክ ስትመለስ ሳጥኑን አሰፋችው። ኤርኪን ባይኬ ጠረጴዛዋ ጋ መጥተው ቢጫውን ገጽ አዩና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ምንድን ነው ይሄ ደግሞ?»

«ሒሳብ ነው፣ ባይኬ። የናሪን ልጆች እንዲሁ እንዲሆን ይፈልጋሉ።»

«ከዘጠና ገጽ አንዱ እንደዚህ? ሪፖርቱ ላይ ምን ብዬ ነው የማስገባው? ተሻሽሏል ነው፣ ተበላሽቷል ነው?»

«አላውቅም» አለች። እውነትም አታውቅም ነበር። ኤርኪን ባይኬ ትንሽ አዩዋትና ሳይጨቃጨቋት ሄዱ።

ከተመለሰች በአራተኛው ቀን ጠዋት ከየካተሪንቡርግ ሰው ገባ። አይቹሮክ የሰው ደብዳቤ ላለማንበብ ለራሷ ቃል ገብታ ነበር። ግን ያ ቃል «ፈቀዱልኝ» ወይስ «አልፈቀዱልኝም» እንደነበር ሳታውቅ ሌላ ቀን መዋል አልሆነላትም። ከፈተችው።

«ኤክስ = 6። ልጄ፣ አልፈቀዱልኝም። አንዴ ጽፌልሽ ነበር። ያኔ ስጽፈው ቀኑን ሙሉ መርፌው እጄን ሲወጋኝ ዋለ። አንቺ ዝም ስትዪ ተቆጥተሽ መስሎኝ ነበር፤ እሁድ ስልክ ላይ ‹ደህና ነኝ› ስትዪኝ ድምፅሽን ሳዳምጥ ነበር፣ የተቆጣሽ ይመስላል አይመስልም እያልኩ። አሁን ሳጥኑ ለምን ትልቅ እንደሆነ አላውቅም፤ ድሮ እዚህ ጋ ይቆርጠኝ ነበር።» ከዚያም ይቀጥላል፤ ስለ ፋብሪካው፣ አንድ ክፍል አብራት ስለምትኖር የኦሽ ከተማ ሴት፣ በሚመጣው የበረዶ ወቅት መምጣቱ ምናልባት እንደሚሆንላት። አይቹሮክ ግማሹ ላይ አቆመችና ዘጋችው።

ክፉውን ወሬ ሴትየዋ ሁለት ጊዜ ጻፈችው። ሁለተኛውን ያስጻፈቻት አይቹሮክ ናት። በሌላ በኩል ደግሞ እነዚያ ረጃጅም መስመሮች የተጻፉት እሷ ሳጥኑን ስላሰፋችው ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጣ የትኛው የትኛውን እንደሚበልጥ ልታውቅ ሞከረች፤ አልቻለችም።

ዓርብ ረፋድ ላይ፣ የሰባተኛ ክፍል የኮምፒውተር ሰዓት ሲደርስ፣ ከናሪን መልስ ገባ። ኡላን ከጎኗ ሆኖ ስክሪኑን አየ።

«የሷ ነው?»

«የሷ ነው።»

ገጽ ሙሉ የሚይዘው ሳጥን ውስጥ የተጻፈው አንድ መስመር ነበር። «ኤክስ = 6። አልተቆጣሁም።»

ኡላን፣ «በቃ? ሌላ አልጻፈችም?» አለ።

«ይኸው ነው» አለች አይቹሮክ። ስክሪኑን አልዘጋችውም። ሰዓቱ ገና አላለቀም፤ ልጅቷ ምናልባት አሁንም እየጻፈች ይሆናል።