ምንም አልጎደለብኝም

ቡታጅራ ውስጥ «ኑሮ እንዴት ነው?» የተባለ ሰው በሰዎች ፊት እውነቱን እንደማይናገር ከልጅነቴ አውቃለሁ። ሩቅ አገር ሄጄ የጤና ፖሊሲ ተምሬ ስመለስ፣ ይህን የማያውቅ ኮሚቴ ይገጥመኛል ብዬ ግን አልጠበቅሁም።

ነጻ የጤና መድን የሚሰጣቸው፣ መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች የሚመረጡት ሰፈሩ ሁሉ በተሰበሰበበት አዳራሽ ነው። ስምህ ይጠራል፣ ትነሳለህ፣ ስለ ኑሮህ ትጠየቃለህ። በትምህርት ቤት ይህን ግልጽነት ይሉታል፤ እኔም ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ።

አክስቴ ባሂራ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ለነጋዴ በርበሬ እየቀነጠሰች ነው። ዘንድሮ የመድኑን መዋጮ መክፈል አቅቷታል። ልጇ ሳሌሃ ደግሞ ስኳር አለባት፤ ያለ መድኑ ኢንሱሊን የለም። ሕመሟን ከቤት ውጭ ማንም አያውቅም፤ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ ናት። በቀደም የቀረው እንዲበረክትላት መርፌዋን እያጋመሰች ስትወጋ ደረስኩባት።

«ለእናቴ እንዳትነግራት» አለችኝ።

ማታውን እናትየዋ ጓዳ ጠርታኝ «እያጋመሰች ነው አይደል? እንዳወቅሁ እንዳትነግራት» አለችኝ።

የስብሰባው ዕለት አክስቴ የኢድ ልብሷን ለብሳ መጣች። ድሃ ለመባል የኢድ ልብስ! ከእሷ በፊት ሁለት ባጃጅ የሚያሠራው ሰይዶ ተነስቶ፣ የለኝም እያለ እንባውን እያበሰ ምርጫውን አለፈ።

«ወይዘሮ ባሂራ!» አለ ሰብሳቢው ጋሽ ፈቃደ። «ኑሮ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ! አላህ ይመስገን፤ ምንም አልጎደለብኝም።»

«ተመስገን ነው። ምንም አልጎደለባቸውም። ቀጣይ!»

ዘልዬ ተነሳሁ። «ምን ማለት ነው ቀጣይ?»

«ዶክተር፣ ራሳቸው ናቸው እኮ የተናገሩት።»

«ዶክተር አይደለሁም።»

«ታዲያ ምን ያናግርሃል?» አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ ሳቀ።

«ጋሽ ፈቃደ፣ እርስዎ እንዴት ነዎት?» አልኩ።

«እኔ? ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ወገብዎስ?»

አሁን ሳቁ ወደ እሱ ዞረ። ጋሽ ፈቃደ ከወንበር ሲነሳ ሰው እንደሚደግፈው ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።

«ወገቤንና መመሪያውን ምን አገናኛቸው?»

«ደህና ነኝ አሉ አይደል? እሷም ያለችው ይህንኑ ነው! ሰው ፊት አቁማችሁ ሰላምታ ትጠይቃላችሁ፣ የሰላምታውን መልስ ማስረጃ ታደርጋላችሁ። ቤቷ ሄዳችሁ ብትጠይቋት ምን ነበረበት?»

«መመሪያው በሕዝብ ፊት ይላል» አለ ፊቱ ቀልቶ። «ችግር ካለ ይናገሩ። ካልሆነም አንተ ተናገርላቸው።»

አክስቴ የኮቴን ጫፍ ያዘች። «ዑመይር፣ ተቀመጥ» አለች በቀስታ። «በአላህ፣ ተቀመጥ።»

ብቀመጥ ሳሌሃ ነገም ታጋምሳለች። ከነገ ወዲያ የሚጋመስም አይኖርም።

«ልጇ ስኳር አለባት!» ብዬ ጮህኩ። «ሳሌሃ! መርፌዋን እያጋመሰች ነው የምትወጋው! በቃችሁ? ወይስ እሷንም አምጥተን እዚህ እናቁምላችሁ?»

እጆች ለድጋፍ መውጣት ጀመሩ። ከሁሉ ቀድሞ ያወጣው ሰይዶ ነበር።

«አልፈዋል» አለ ፈቃደ፣ ፈተና ለወደቀ ተማሪ ማርክ የጨመረ ይመስል።

አክስቴ ቀድማኝ ወጣች። በሩ ላይ ጎረቤቷ መሕቡባ ደረሰችባት። በየጠዋቱ እንደምትላት፣ ዛሬ ግን ዓይኗን ሰበር አድርጋ፣ «ባሂራዬ፣ ኑሮ እንዴት ነው?» አለቻት።

የአክስቴ ከንፈር ለተለመደው መልስ ተከፈተ፤ ተመልሶ ገጠመ። በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች።

«እሱን ጠይቂው» አለች። «እሱ ይነግርሻል።»